ደረት ራጅን ለኮምፒውተር ማስነበብ፦ ከራጅ ክፍል እስከ አክታ ምርመራ

ድሬዳዋ ላይ ደረት ራጅ ማንሳት ከባድ አይደለም። ከባዱ የተነሳውን የሚያነብ ሰው በሰዓቱ ማግኘት ነው። ረፋድ ላይ አግዳሚው ይሞላል። አንዷ ከሳቢያን መጥታለች፣ አንዱ ከሽንሌ፣ ሌላው ሌሊት ተነስቶ ከገጠር ቀበሌ በእግሩ። ሁሉም ያስላሉ። ራጁ በደቂቃ ይነሳል። ንባቡ ግን ይዘገያል፣ አንዳንዴም ለነገ ያድራል። የገጠሩ ሰው ለነገ አይመለስም። የመኪና ብሩን ከየት አምጥቶ?

ይህን የምጽፈው እሱን እያሰብኩ ነው። ሙያዬ ራጅ ማንሳት ነው። ኮምፒውተር ደረት ራጅ እንዲያነብ የማድረጉን ነገር የተማርኩት ማታ ማታ፣ በላፕቶፕ፣ እየተሳሳትኩ ነው። እዚህ ድሬም ሆነ ሐረር ላሉ የራጅ ባለሙያዎች፣ ጤና መኮንኖችና የኮምፒውተር ተማሪዎች ይጠቅማል ብዬ የሄድኩበትን መንገድ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

አንድ ነገር ከፊት ያዙልኝ። ኮምፒውተሩ የሚሰጣችሁ ቁጥር ነው። አንዳንዱ ከ0 እስከ 1፣ አንዳንዱ ከ0 እስከ 100 ይሰጣል። ቁጥሩ ምርመራ አይደለም። «ይህ ሰው አክታ ሳይሰጥ ከግቢ አይውጣ» የሚል ጥቆማ ነው። ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ ያ ጥቆማ የሚታመን እንዲሆን ምን ማድረግ እንዳለብን ነው።

1. ምን እንደምትፈልጉ ወስኑ

«የሳንባ ችግር» አንድ ነገር አይደለም። ቲቢ አለ፣ የሳንባ ምች አለ፣ ውሃ መቋጠር አለ፣ ዕጢ አለ፣ በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል የገባ አየር አለ። ሁሉም ራጅ ላይ የየራሱ መልክ አለው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ እይዛለሁ ያለ ሰው አንዱንም በደንብ አይይዝም።

የእኔ ምክር፦ በቲቢ ጀምሩ። ኢትዮጵያ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ጥርጣሬ ሲያነሳ ቀጥሎ የምትልኩበት ቦታ አላችሁ። አክታው ይወሰዳል፣ አክታ ውስጥ ቲቢን የሚፈልገው ጂንኤክስፐርት ማሽን ላይ ይገባል፣ በሁለት ሰዓት ገደማ መልስ ይመጣል። የሳንባ ዕጢ ቢሆን ግን ሲቲ ስካን፣ ናሙና፣ ከዚያም ረጅም ሪፈር ይከተላል። የምትጠቁሙትን ነገር መከታተል ካልቻላችሁ ጥቆማው ሰውን ማስጨነቅ ብቻ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በቲቢ ልየታ ላይ ዲጂታል ደረት ራጅን በሰው ፋንታ ሶፍትዌር ቢያነበው ይቻላል ብሏል። ልብ በሉ፣ ልየታ ነው ያለው፤ ማለትም ይበልጥ መመርመር ያለበትን ሰው ከብዙ ሰው መካከል መለየት። ሕፃናት በዚህ ውስጥ የሉም። የልጅ ደረት የትልቅ ሰው ደረት ትንሹ ቅጂ አይደለም። ስለዚህ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ ራጅ ለዚህ ፕሮግራም አትስጡ።

2. ፈቃድ

ይህን ክፍል አጭር ላድርገው እንጂ አትዝለሉት። ለሙከራ ከሆነ የሆስፒታላችሁን ኃላፊ ደብዳቤና የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴን ይሁንታ ያዙ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ተማሪዎች አማካሪያችሁ መንገዱን ያውቃል። ለታካሚ አገልግሎት የሚውል ሶፍትዌር ከሆነ ደግሞ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ጠይቁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የጤና መረጃ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ራጁን በስልክ ፎቶ አንስቶ፣ ስሙና ካርድ ቁጥሩ እንዳለ፣ ለሚያውቁት ሐኪም በቴሌግራም መላክ። በቅን ልብ እንደሚደረግ አውቃለሁ። እኔም አድርጌዋለሁ። ግን ያ ፎቶ የት የት እንደሚደርስ ማናችንም አናውቅም። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት። ቀፊራ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ቲቢ እንዳለባት ወሬው ከተሰማ ገበያዋ በአንድ ቀን ይደርቃል።

3. ራጁን በደንብ አንሱ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል እላለሁ። የኮምፒውተር ሰዎች ቶሎ አልፈውት ወደ ሞዴሉ፣ ማለትም ራጁን አይቶ ቁጥር ወደሚሰጠው ፕሮግራም ይሮጣሉ። የተበላሸ ራጅ የገባበት ሶፍትዌር ግን የተበላሸ ቁጥር ያወጣል። የሚያሳዝነው ያንንም በሙሉ ድፍረት ነው የሚያወጣው። «አልታየኝም» የሚል እምብዛም የለም።

ሰውየው መቆም ከቻለ ይቁም። ደረቱ ፓነሉን (ምስሉን የሚቀበለውን ሰሌዳ) ይንካ፣ ጨረሩ ከጀርባው ይምጣ፣ ርቀቱ 180 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ይህን አነሳስ ፒኤ እንለዋለን። አልጋ ላይ ተኝቶ ከፊት የተነሳው ኤፒ ይባላል። በኤፒ ልብ ከልኩ በላይ ገዝፎ ይታያል። ብዙ ሶፍትዌሮች የሠለጠኑት በዋናነት በፒኤ ስለሆነ ሁለቱን አትቀላቅሉ።

እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ ትከሻውን ወደ ፊት ይግፋ። የትከሻ አጥንቱ ከሳንባው ላይ ዞር ይላል። ከዚያ በረጅሙ ወደ ውስጥ ይተንፍስ፣ ይያዝ። በደንብ መተንፈሱን የምታውቁት ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ (ድያፍራም) በላይ ከኋላ በኩል 9 ወይም 10 የጎድን አጥንት ስትቆጥሩ ነው። ስድስት ሰባት ብቻ ከቆጠራችሁ ሳንባው ተጨፍልቋል። ከታች በኩል ነጣ ብሎ ይታያል። ኮምፒውተሩ ያንን ንጣት በሽታ ብሎ ሊቆጥረው ይችላል።

ሰው የማይተነፍሰው እምቢ ብሎ አይደለም። ያልናቸው ነገር ስላልገባቸው ነው። እኛ ጋ አማርኛ ብቻውን አይበቃም። ኦሮምኛ ተናጋሪ እናት ስትመጣ «ሀፉራ ፉዸዻ፣ ቀበዻ» ብትሏት ወዲያው ትንፋሿን ትይዛለች። ለሶማሊኛና ለሐረሪም አጭር ትእዛዝ ከባልደረቦቻችሁ ተማሩና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ትእዛዙን ከመጮኻችሁ በፊት አንድ ጊዜ አብራችሁ ተለማመዱ። ይህ ግማሽ ደቂቃ ይወስዳል፣ ድጋሚ ጨረር ግን ያስቀራል።

ጌጥ፣ ክታብ፣ ቁልፍ፣ ጡት መያዣ ይውለቅ። ክታቡን ስታስወልቁ በአክብሮት ይሁን። በእጃቸው ይያዙት እንጂ ጠረጴዛ ላይ አትወርውሩት። ሹሩባም አለ። ትከሻ ላይ የወደቀ ሹሩባ በሳንባው ጫፍ ላይ ነጭ መስመር ይፈጥራል። የአዋቂ ቲቢ ደግሞ የሚወደው ያንኑ የሳንባ ጫፍ ነው። ፀጉሩን ወደ ላይ ሰብስቡት። ሴቶችን እርግዝና እንዳላቸው ለብቻቸው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠይቁ።

ሁለቱ የአንገት አጥንቶች ጫፍ ከአከርካሪው እኩል መራቁን እዩ። አንዱ ከራቀ ሰውየው ዞሯል ማለት ነው። የዞረ ሰው አንዱ ሳንባው ከሌላው ይጠቁራል።

ስለ ሙቀቱም ልበል። በግንቦትና በሰኔ የድሬ ከሰዓት 35 ዲግሪ ይደርሳል። የፓነሉ መመሪያ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን የሙቀት ጣሪያ አንብቡና ክፍሉን በዚያ ልክ አቀዝቅዙ። አቧራውንም በየቀኑ ጥረጉ። ፓነል ላይ ያረፈ እድፍ በእያንዳንዱ ራጅ ላይ እዚያው ቦታ ይታያል።

4. ፋይሉን አውጡ

ዲጂታል ራጅ ማሽን ምስሉን የሚያስቀምጠው ዳይኮም በሚባል ፋይል ነው። ይህ ተራ ፎቶ አይደለም። ውስጡ ስም፣ ካርድ ቁጥር፣ የትውልድ ቀን፣ የማሽኑ ስም ሁሉ ተጽፏል። የምትፈልጉት ዋናውን ዳይኮም ነው። በስልክ የተነሳ የፊልም ፎቶ አይበቃም። ነጸብራቁ፣ ጥላውና የተጣመመው ጠርዝ ሁሉ ቁጥሩን ያናጋዋል።

ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለምታውቁ፣ ፓይዳይኮም የሚባለው ነፃ መሣሪያ ፋይሉን ይከፍትላችኋል። በመጀመሪያ ስምና መለያውን አጥፉና በራሳችሁ ቁጥር ተኩ። ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ሌላ ቦታ ይቆለፍበት። ቀጥሎ ምስሉን በዓይናችሁ እዩት። አንዳንድ ማሽን ስሙን ምስሉ ላይ ራሱ ያትመዋል፣ የፋይሉን መረጃ ብታጠፉም እሱ አይጠፋም።

አንድ ወጥመድ አለ። ዳይኮም ውስጥ ሞኖክሮም1 እና ሞኖክሮም2 የሚባል ምልክት ታገኛላችሁ። በአንደኛው ትንሹ ቁጥር ነጭ ነው፣ በሁለተኛው ትንሹ ቁጥር ጥቁር። ይህን ሳታዩ ከቀየራችሁ ሳንባው ነጭ፣ አጥንቱ ጥቁር ሆኖ ይገባል። ሞዴሉ አይቃወምም። ቁጥሩን ይሰጣችኋል። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ስለዚህ ነገር ስባክን ነበር።

5. ሞዴሉን ምረጡ፣ ወይም ሥሩ

ለታካሚ አገልግሎት ከሆነ ተገምግሞ የወጣ ሶፍትዌር ይሻላል። የኔዘርላንዱ ዴልፍት ኢሜጂንግ ሲኤዲ ፎር ቲቢ፣ የሕንዱ ኪዩር ኤአይ ኪውኤክስአር፣ የደቡብ ኮሪያው ሉኒት ኢንሳይት በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት። ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራል? ክፍያው በራጅ ነው ወይስ በዓመት? ምስሉ የሚከማቸው የት ነው?

ለመማር ከሆነ ግን ራሳችሁ ሥሩ። ጉግል ኮላብ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ የሚሰጥ ጂፒዩ (ሞዴል ማሠልጠንን የሚያፋጥን የኮምፒውተር ክፍል) አለ። ለቲቢ ትምህርት የሚሆኑ ሁለት ትንንሽ የራጅ ስብስቦች አሉ። የቻይናው ሼንዘን 662 ራጅ ይዟል፣ 336ቱ የቲቢ ናቸው። የአሜሪካው ሞንትጎመሪ 138 ራጅ አለው፣ 58ቱ የቲቢ ናቸው። ለሰፊ ልምምድ ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 የለቀቀው ስብስብ አለ። 112,120 ራጅ፣ 14 ዓይነት ምልክት። በዚህኛው ላይ ምልክቶቹን የሰጠው ሰው ሳይሆን የሐኪሞችን ጽሑፍ ያነበበ ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ስህተት አለበት።

እነዚያ 112,120 ራጆች የተነሱት ከ30,805 ሰዎች ነው። አንድ ሰው ብዙ ራጅ አለው ማለት ነው። ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ ስትከፍሉ በራጅ ሳይሆን በሰው ክፈሉ። አለዚያ ሞዴሉ ፈተና ላይ የሚያገኘው ቀድሞ ያየውን ሰው ደረት ነው። ተማሪ የፈተናውን ወረቀት ቀድሞ እንዳገኘ ቁጠሩት።

ዴንስኔት 121 የሚባለውን፣ በሌላ ምስል አስቀድሞ የሠለጠነ ሞዴል ወስዳችሁ በራጅ መቀጠል ጥሩ መነሻ ነው። ከባዶ አትጀምሩ።

አሁን የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። ለሙከራ የቲቢ ራጆችን ከአንድ ቦታ፣ ጤነኛ ራጆችን ደግሞ ለሥራ ቅጥር ከሚመረመሩ ወጣቶች፣ ከሌላ ቦታ ሰበሰብኩ። ሞዴሌ ከመቶ ዘጠና ምናምን አመጣ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በኋላ ሞዴሉ ምስሉ ላይ የት እንደሚያይ በቀለም የሚያሳየውን ካርታ አወጣሁ። ቀዩ ቀለም ሳንባው ላይ አልነበረም። ጥግ ላይ ያለው የግራና የቀኝ ምልክት ላይ ነበር። የአንዱ ማሽን ምልክት ከሌላው ይለያል። ሞዴሌ የተማረው ቲቢን ሳይሆን ማሽኑን ነበር።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ የሳንባ ምችን የሚለይ ሞዴል ራጁ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ ለይቶ ያውቅ እንደነበርና በሌላ ሆስፒታል ራጅ ላይ ሲሞከር ብዙ ጊዜ ብቃቱ እንደሚወርድ አሳይቷል። መፍትሔው ሁለት ነው። በሽተኛውንም ጤነኛውንም ከአንድ ማሽን ሰብስቡ። ቀለም ካርታውንም ሳታዩ ውጤት ለማንም አታሳዩ።

6. በራሳችሁ ሰው ላይ ፈትኑት

ሶፍትዌሩ የትም ይሠራ፣ በእኛ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚታወቀው በእኛ ሰው ላይ ሲፈተን ነው። የድንጋይ ካባ ሠራተኛ ሳንባው ላይ የአቧራ ጠባሳ ይኖረዋል። ድሮ ቲቢ ታክሞ የዳነ ሰው ጠባሳው አብሮት ይኖራል። ሁለቱም ከፍ ያለ ቁጥር ሊያመጡ ይችላሉ። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ደግሞ ቲቢ እያለው ራጁ ንጹህ ሊመስል ይችላል።

ሳል ይዟቸው የመጡ አዋቂዎችን በተከታታይ መዝግቡ። አትምረጡ። የሁሉንም ራጅ አንሱ፣ የሁሉንም አክታ ላኩ። ሁሉንም ስል ሁሉንም ማለቴ ነው። ኮምፒውተሩ «ንጹህ» ያለውንም ጭምር። ካርትሪጅ (ለእያንዳንዱ አክታ ጂንኤክስፐርት ማሽኑ ላይ የሚገባውን ዕቃ) ለመቆጠብ ተብሎ ከፍተኛ ቁጥር ያመጡት ብቻ ከተላኩ፣ ዝቅተኛ ቁጥር ይዞ ቲቢ ያለበት ሰው በጭራሽ አይታወቅም። ሶፍትዌሩም የማይሳሳት ይመስላል። ማነጻጸሪያችሁ የሐኪም ንባብ ሳይሆን የላብራቶሪ ውጤት ይሁን። በእኔ ግምት በላብራቶሪ የተረጋገጡ 50 ሰዎች ሳይገኙ ቁጥሩን ማመን ይከብዳል። ወራት ይፈጃል። ይፍጅ።

7. መቁረጫ ነጥቡን ወስኑ

«ከስንት በላይ ያመጣውን ወደ አክታ እንላክ?» የሚለው ጥያቄ የሻጩ አይደለም፣ የእናንተ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ለልየታ ምርመራ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ግብ ከመቶ በሽተኛ 90ውን መያዝ፣ ከመቶ ጤነኛ ደግሞ 70ውን በትክክል ማሳለፍ ነው።

እስቲ በእጅ እናስላው። ለምሳሌ 1,000 የሚያስሉ ሰዎች መጡ እንበል። 50ዎቹ ቲቢ አለባቸው። በዚያ ግብ ልክ ከሠራ 45ቱን ይይዛል፣ 5ቱ ያመልጣሉ። ከ950 ጤነኞች 285ቱን በስህተት ይጠረጥራል። ወደ አክታ የሚሄደው 330 ሰው ነው። ከ7 ተጠርጣሪ አንዱ ገደማ ነው ቲቢ ያለበት።

መቁረጫውን ከፍ አደረጋችሁ እንበል። አሁን የሚይዘው ከመቶ 80 ነው፣ ጤነኛ የሚያሳልፈው ደግሞ ከመቶ 90። 40 በሽተኛ ተያዘ፣ 95 ጤነኛ ተጠረጠረ፣ በድምሩ 135። የ195 ሰው ካርትሪጅ ተረፈ። ግን ተጨማሪ 5 ሰው ቲቢውን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። እኛ አገር ቤት ማለት አንድ ክፍል ነው፣ ልጆችና አያት ያሉበት። ከሰዓት ደግሞ መስኮት ዘግቶ በርጫ መቀመጥ አለ። ለእኔ 195 ካርትሪጅ አምስት ሰው አያህልም። ግን ካርትሪጅ በሌለበት ጤና ጣቢያ ያለ ሰው ሌላ ቢወስን አልፈርድበትም። መወሰኑን ግን በጽሑፍ፣ ከላብራቶሪውና ከቲቢ ክፍሉ ጋር ተቀምጦ ይወስን።

ያው ሶፍትዌር ጤነኛ ሰው በሚበዛበት ቦታ ሌላ ይሆናል። ከ1,000 የፋብሪካ ሠራተኛ 10ሩ ብቻ ቲቢ ቢኖርባቸው፣ 9ኙን ለመያዝ 306 ሰው አክታ ይሰጣል። ስለዚህ ለሆስፒታል ያወጣችሁትን ነጥብ ለፋብሪካ ዘመቻ አትጠቀሙበት።

8. የሥራ ቀን

አሠራሩ አጭር መሆን አለበት። ራጅ ይነሳል፣ ቁጥሩ ይወጣል፣ ሰውየው ከአግዳሚው ሳይነሳ የአክታ ዕቃ ይሰጠዋል። አክታው ሜዳ ላይ፣ ነፋስ ባለበት ይሰጥ። ክፍል ውስጥ አይሆንም። ከነጥቡ በታች የሆነውን ራጅም ባለሙያ ሲመጣ ይየው። ለቲቢ የተዘጋጀ ፕሮግራም ስለ ልብ መግዘፍ ወይም ስለ ዕጢ ላይነግራችሁ ይችላል።

ቁጥሩ የማይወስንላቸው ሰዎች አሉ። ደም የተቀላቀለበት አክታ ያለው፣ ኤች አይ ቪ ያለበት፣ ቤቱ ውስጥ ቲቢ ያለበት ሰው የሚኖር። እነዚህ ቁጥራቸው ዜሮ ቢሆንም አክታ ይሰጣሉ። አንድ የባጃጅ ሹፌር «አቦ ኮምፒውተሩ ንጹህ ብሎኛል፣ ልሂድበት» ብሎኝ ያውቃል። መሀረቡ ላይ ደም ነበር። እጁን ይዤ ላብራቶሪ አደረስኩት።

ለታካሚ ቁጥር አትንገሩ። «አባባ፣ 87 አመጡ» ቢባሉ ምን ይረዳቸዋል? «አባባ፣ ሳንባዎ ላይ የምናጣራው ነገር አለ፣ አክታ ይስጡና ውጤቱን ጠብቀው ይሂዱ» በሉ። ቲቢ የሚለውን ቃል ላብራቶሪው ሳያረጋግጥ አታውጡት።

መብራት ሲጠፋ በወረቀት የሚሠራበት መንገድ ይኑራችሁ። የሳል፣ የትኩሳት፣ የክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ ጥያቄዎች መብራት አይፈልጉም።

9. ከጀመራችሁ በኋላ

አንድ መዝገብ ያዙ። ቀን፣ መለያ ቁጥር፣ የሶፍትዌሩ ቁጥር፣ የሶፍትዌሩ ስሪት፣ የአክታ ውጤት። በየወሩ ከነጥቡ በታች ከሆኑት ጥቂቶቹን በዕጣ አውጥታችሁ አክታቸውን መርምሩ። ያመለጠ ካለ የሚገኘው እዚያ ነው።

መልሳቸውን የምታውቋቸውን ራጆች፣ የቲቢውንም የጤነኛውንም፣ በአንድ ፎልደር ለይታችሁ አስቀምጡ። ሶፍትዌሩ ሲታደስ፣ ፓነሉ ሲቀየር፣ ጥገና የመጣ ሰው ቅንብሩን ሲነካካ፣ ታካሚ ከመቀበላችሁ በፊት እነዚያን ራጆች እንደገና አስነብቡ። የማሽኑ ቅንብር ወይም ፓነሉ ከተቀየረ፣ አዲስ የሚነሱት ራጆች መልክም ከድሮዎቹ ጋር መመሳሰሉን ጎን ለጎን አይታችሁ አረጋግጡ። ቁጥሮቹ ከድሮው ከራቁ ማሽኑን አቁሙና ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።